ከግንዘት አስቀድሞ

በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች መካከል የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ፥ ከልዩ ልዩ ሰፈር በዕጣ መጥተው ገና በወጉ ያልተዋወቁት እድርተኞች በአግዳሚ ወንበር ላይ ተሰብስበው፥ ካህናቱም ለፍትሐት ተዘጋጅተው ሳሉ፥ አስከሬኑ በፖሊስ ትእዛዝ ለምርመራ እንደ ሄደ ሳይመለስ ሲመሽ፥ ከሽማግሌዎቹ አፍ የሚሰማው ጥያቄ ይህ ነው፤ ነፍስ የተለየችውን ሥጋ በስለት መክፈት የሙቱን ክብር መንካት አይደለምን? ጥያቄውን የድንቁርና ጥያቄ አድርጎ የሚያቃልል ሰው የሕዝቡን ሃይማኖት አላወቀም፤ ሥጋ በትንሣኤ ዘጉባኤ ይነሣል ብሎ የሚያምን፥ ስለዚህም ሙቱን አጥቦና ከፍኖ በጸሎት የሚሸኝ ወገን፥ ሥጋውን እንደ ተጣለ ልብስ ሊቈጥረው አይችልም።

እኔ ግን ምርመራውን ከግንዘቱ ሥርዓት ውስጥ እቈጥረዋለሁ። ዮሴፍ ዘአርማትያስ የጌታን ሥጋ ሊለምን በገባ ጊዜ፥ ጲላጦስ ፈጥኖ መሞቱ ስለ ደነቀው የመቶ አለቃውን አስጠርቶ መሞቱን ካረጋገጠ በኋላ ነው ሥጋውን የፈቀደለት፤ ከኒቆዲሞስ ሽቱና ከበፍታው አስቀድሞ ምስክርነት ተሰምቷል። የአቤል ደምም ከምድር ወደ አምላክ መጮኹን መጽሐፍ ሲነግረን፥ የተገደለ ሰው ሥጋ የሚናገረው ነገር እንዳለው አስቀድሞ ነግሮናል።

ለዚህ አንድ ነገር ቀርበን እንመልከት። አንድ ሰው አንገቱ በገመድ ታንቆ ሲገኝ፥ ሰፈሩ ራሱን ገደለ ብሎ ያወራል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አእምሮው ሳይታወክ ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት አታደርግም። ሐኪሙ ግን የአንገቱን ምልክት ይመረምራል፤ ሰው ራሱን ሲሰቅል ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንገት ላይኛ ክፍል ወደ ቋጠሮው ሽቅብ አዘንብሎ ይታተማል፤ ሌላ ሰው ሲያንቀው ግን ዝቅ ብሎ አንገቱን በአግድም ይዞራል። ቆዳውን ከፍቶ ከሥሩ ያለውን ጡንቻና የጉሮሮውን አጥንት ሳያይ ግን ቃሉን አይሰጥም። እንግዲህ በዚያች ስለት ላይ የሚመዘነው የነፍሰ ገዳዩ ቅጣት ብቻ አይደለም፤ የሙቱ ስምና ለነፍሱ የሚደርሰው ጸሎትም አብሮ ይመዘናል። ስለቱን የሙቱ ጠላት ነው ማለት ለእኔ የማይቻለኝ ስለዚህ ነው።

ሀገራችንም ይህን በመራራ መንገድ ተምራዋለች። በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ማልቀስ እንኳ ተከልክለው ነበር። ከደርግ ውድቀት በኋላ፥ አሜሪካዊው የአጥንት ሊቅ ክላይድ ስኖው ያሠለጠናቸው የአርጀንቲና ባለሞያዎች በልዩ ዐቃቤ ሕግ ጥሪ መጥተው በኮተቤ የጅምላ መቃብር ሲቈፍሩ፥ ያንገት አጥንቶቹን ገና እንደ ከበበ የናይለን ገመድ አገኙ፤ ሥጋው ፈርሶ ሲያልቅ ገመዱ ቀርቶ ነበር። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የተከፈተው፥ ፍርዱም በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የተሰማው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ከሰው ምስክር ሌላ የአጥንት ምስክርም ነበረው። ጦቢት በነነዌ ተገድሎ የተጣለውን ወገኑን ሊቀብር ማዕዱን ትቶ እንደ ተነሣ የምናነብ ሁሉ፥ እነዚያ የባሕር ማዶ ወጣቶች በኮተቤ ጕድጓድ ውስጥ ተንበርክከው የሠሩትን ከዚያ ምግባር ልንለየው አይገባንም።

ሙቱን ከስሙ ጋር የሚያገናኘውም ምርመራ ነው፤ ከኮዬ ፈጬ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፥ በቢሾፍቱ አቅጣጫ፥ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አውሮፕላን ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፥ ቤተ ዘመድ ከአደጋው ስፍራ አፈር ተሰጥቶት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ባዶ ሣጥን ቀበረ፤ ከቤተ ዘመዱ በተወሰደ የዲኤንኤ ናሙና እየተመሳከረ ቅሪተ አካሉ ከየስሙ ጋር የተገናኘው ከወራት በኋላ ነው።

አንድ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ ከብዙ አስከሬን የሚሰበስበው ዕውቀት ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ጣሊያናዊው ሐኪም ሞርጋኒ በ1761 እ.ኤ.አ.፥ በ79 ዓመቱ፥ ወደ 700 ከሚጠጉ አስከሬኖች የተማረውን በመጽሐፍ አውጥቶ ሕመም በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚያድር ለዓለም አሳየ፤ ከእነዚያ ሙታን ግን ፈቃዱን የሰጠ ማን ነው? ለዘመናት ከየጠቅላይ ግዛቱ አስከሬን ሲጓዝበት በኖረው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የሠራ ሐኪምም ከመዝገቡ መርዙን፥ የመኪናውን አደጋ፥ የስለቱን ቍስል ሰብስቦ ቢጽፍ፥ ሕያዋንን የሚያድን ዕውቀት ነውና የተፈቀደ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሙታኑን ስም እስከ ሰወረ፥ ሥጋቸውንም ሰፍቶና አጥቦ ሳያዘገይ እስከ መለሰ ድረስ። ያላወቀውንም «የሞቱ ምክንያት አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ከሞያው ሁሉ የሚከብደው ፈተና ነው፤ ፖሊስም ዘመድም የሚፈልጉት የቈረጠ ቃል ነውና።

አንድ ነገር ግን ይጐድላል። የምርመራው ውጤት የሚላከው ምርመራውን ላዘዘው ለፖሊስ ነው፤ ከሆስፒታሉ በር ሣጥን ይዘው የቆሙት ወንድሞች የሚቀበሉት አስከሬኑን ብቻ ነው። ለእነርሱም ሥጋው ለምን እንደ ተከፈተና ምን እንደ ተገኘበት፥ የምርመራውን ምስጢር በማይነካ መጠን፥ በሚገባቸው ቋንቋ ተቀምጦ የሚነግራቸው ሰው በየሆስፒታሉ ሊመደብ ይገባል።