የታመመ ሰው ምስክር ይቁጠር እንዴ?

እስቲ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ ልምጣ። ሰው «አሞኛል» ሲለን የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው? የታማሚው ወይስ የሰሚው? ፍርድ ቤት ቢሆን መልሱ ቀላል ነው፤ አቤት ያለ ምስክር ይቆጥራል፣ ሰነድ ያቀርባል። በቤትና በሰፈር ግን የተጻፈ ሕግ የለም። ስለሌለም ሁላችንም ሳንሾም ዳኞች ሆነን ቁጭ ብለናል።

ይህን ጥያቄ ያጫረብኝ ሉፐስ የሚባለው በሽታ ነው። ስሙ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ ተኩላ ነው። ፊት ላይ የሚያወጣው ቁስል ለድሮ ሐኪሞች የተኩላ ንክሻ መስሎ ስለታያቸው ነው ይባላል። ነገርየው ግን ከዱር የመጣ አውሬ አይደለም። ከበሽታ ይጠብቀን ዘንድ የተሰጠን የሰውነት መከላከያ ወዳጅና ጠላት መለየት ያቅተውና የገዛ ቤቱን ይወጋል። ዘበኛው በጌታው ላይ ተኮሰ እንደማለት ነው። መገጣጠሚያን፣ ቆዳን፣ ደምን፣ ኩላሊትን፣ ሳንባን፣ ልብን፣ አንጎልን ሊነካ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ።

የዚህ በሽታ ክፋቱ ሄድ መለስ ማለቱ ነው። አንዲት የእንጅባራ ገበሬ ሴት እናስብ። ማክሰኞ ድንች ስትኮተኩት ውላ ማታ እንጀራ ጋግራ ትተኛለች። ረቡዕ ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል፤ ከመደብ መነሳት ያቅታታል። «ትናንት ደህና አልነበረች እንዴ?» ትላለች አማት። «ሥራ ሲመጣ ያማታል» ይላል ባል። እሷም «ፀሐይ አይስማማኝም» ብትል ይሳቅባታል። እንጅባራ ብርዳም አገር ነው፤ እዚያ ፀሐይ የሚሞቁት እንጂ የሚሸሹት ነገር አይደለም። ነገር ግን ከተማው ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። ከፍታው በየ1000 ሜትሩ ሲጨምር ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይበረታል፤ ይህ ጨረር ደግሞ ብዙዎቹን የሉፐስ ታማሚዎች ሕመሙን ይቀሰቅስባቸዋል። አየሩ ቀዘቀዘ ማለት ጨረሩ ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። ሴትዮዋ እውነቷን ነው።

ቀጥሎ ፀጉሯ ይሳሳል፣ ክብደቷ ይቀንሳል፣ ጉንጯና አፍንጫዋ ላይ ሽፍታ ይወጣል። ያን ጊዜ ወሬው ይለወጣል። ሰነፍ መባሏ ይቀርና «ያ በሽታ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ሹክሹክታ ይጀመራል። አያችሁ? መጀመሪያ ስትናገር አላመንናትም፤ ኋላ ሳትናገር ፈረድንባት።

አዊ የፈረስ አገር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው ያ ሕዝብ ለፈረሱ ያለውን ክብር አይረሳም። ፈረሱ ጠዋት ሣሩን ትቶ አንገቱን ቢደፋ ባለቤቱ ምን ያደርጋል? «ትናንት ስትጋልብ አልነበር እንዴ?» ብሎ ይሞግተዋል? የለም! ኮርቻውን ያወርድለታል፣ እግሩን ያነሳና ሰኮናውን ያያል፣ ዳገት አያስወጣውም። ፈረሱ አፍ የለውም፤ ሆኖም ይታመናል። ሴትየዋ አፍ አላት፤ አትታመንም። ለፈረስ ያልነፈግነውን እምነት ለሰው የምንነፍገው ለምንድን ነው?

መልሱ አፍ ያለው ሊዋሽ ስለሚችል ነው መሰለኝ። እውነት ነው፤ በሕመም የሚያመካኝ ሰው አለ። አንድ ወዳጄም ይህንኑ አንስቶ «አንተ ደግሞ ሁሉንም ካመንክማ አገሩ በአልጋ ቁራኛ ይሞላል!» ብሎኛል። እንግዲህ ሁለቱን ስህተቶች በሚዛን እናስቀምጣቸው። የሚዋሽን ሰው ብናምን የምናጣው የአንድ ቀን ኩትኳቶ ነው። የታመመን ሰው ባናምን ግን የሚጠፋው ኩላሊት ሊሆን ይችላል። ሉፐስ ኩላሊትን ሲያጠቃ መጀመሪያ ላይ አያምም፤ ሽንት አረፋ ይበዛዋል፣ እግርና ፊት ያብጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ይህን ለመጠርጠር የሚያስፈልገው ደግሞ ተራ የሽንት ምርመራና የግፊት መለኪያ ነው። ሁለቱ ስህተቶች እኩል ስላልሆኑ ጥርጣሬያችንም እኩል ሊሆን አይገባም።

ደግሞስ ማመን ማለት የተባለውን ሁሉ መዋጥ ማን አለው? ማመን መመርመር መጀመር ነው። ሉፐስን ብቻውን የሚያስረግጥ ምርመራ የለም። ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራ በታማሚዎቹ ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ይገኛል፤ ግን በአንዳንድ ጤነኛ ሰዎችና ሌላ ሕመም ባለባቸው ላይም ይታያል። ስለዚህ ሐኪሙ ቁርጥማቱን፣ ሽፍታውን፣ የአፍ ቁስሉን፣ የደሙንና የሽንቱን ውጤት አንድ ላይ አድርጎ ያነባል። ሽፍታው በነጭ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ሊል ይችላል። ቲቢንና ኤችአይቪን የመሳሰሉ ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው በሽታዎችም መለየት አለባቸው። ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ ተነስቶ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የደረሰ ሰው ለሐኪሙ ይዞለት የሚሄደው ትልቁ ማስረጃ ታሪኩ ነው። ቤት ውስጥ «ዝም በይ» የተባለች ሴት ግን ሐኪም ፊትም ታሪኳን አሳጥራ «ትንሽ ይቆረጥመኛል» ትላለች። ያላመንናት ሰዎች ማስረጃውን አጠፋነው ማለት ነው።

«በወባና በቲቢ ለሚያልቅ ሕዝብ ስለ ሉፐስ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚልም አይጠፋም። የመድኃኒት በጀት ሲከፈል ይህ ክርክር ሚዛን አለው፤ አልክደውም። ሰውን ማመን ግን ከየትኛውም በጀት ላይ ሳንቲም አይቀንስም። ደግሞም ሉፐስ ፈጽሞ ባይድንም የሚታከም በሽታ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ አምስት ዓመት አይሞላቸውም ነበር። ዛሬ ሕክምናው በደረሰበት አገር ከ10ሩ 9 ያህሉ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ዋናው መድኃኒት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው፤ የወባ መድኃኒት የነበረው የክሎሮኪን ዘመድ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ጊዜ ዓለም «ያድናል» ብሎ ሲሻማበት የሉፐስ ታማሚዎች ባዶ እጃቸውን የቀሩት እሱ ነው። ሕመሙ ሲጠና ፕሬድኒሶሎን፣ ኩላሊት ሲነካ ደግሞ ሌሎች ጠንካራ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ።

የልጆቹ ነገር ይብሳል። ከአምስት ታማሚዎች አንዱ ገደማ በሽታው የሚጀምረው በልጅነቱ ነው፤ በልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ክንዱ ይበረታል፣ ኩላሊትንም አብዝቶ ይነካል። ልጅ ግን ምስክር አይቆጥርም። ትኩሳት እየተመላለሰባት ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ «ሰነፍ» ተብላ ትመዘገባለች። በሽታው ታውቆ ሕክምና ስትጀምር ሌላ ፈተና ይመጣል፤ ፕሬድኒሶሎን ፊት ያሳብጣል፣ ብዙ ሲወሰድ ዕድገትንም ይገታል። የ14 ዓመት ልጅ መስታወት አይታ መድኃኒቱን በድብቅ ብታቆም ይገርማል? በድንገት ማቆሙ ግን ለሕይወት ያሰጋል። እዚህም ላይ መፍትሔው ቁጣ አይደለም። «መድኃኒቱ አስጠላኝ» ስትል አምኖ ወደ ሐኪሟ መውሰድ ነው፤ መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንስበትን መንገድ የሚያውቀው እሱ ነው። እምነታችን የበሽታው ስም የተነገረ ዕለት የሚያበቃ ከሆነ ግማሽ እምነት ነው።

ጠበል የሚሄዱትንም እንዲሁ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ መናገራቸው ይታወሳል። ለሉፐስ ሲሆን የሚለወጥ አይመስለኝም። ጠበሉም ይጠጣ፣ ክኒኑም አይቋረጥ።

«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ጤነኛም እንዲሁ ነው። የሌላውን ሕመም በገዛ ጤናው ይለካና ጎደሎ ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ክፋት አይደለም፤ የሰው አፈጣጠር ነው። አፈጣጠራችንን ስላወቅነው ግን ሸክሙ ወደኛ ይዞራል። የሌላው ሕመም እንደማይታየኝ ካወቅሁ፣ አለማየቴ ሕመሙ ለመኖሩም ላለመኖሩም ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ አንዷ «አሞኛል» ስትል «ትናንትስ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉትና «የቱ ጋ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። የቀረውን ሐኪሙ ይጠይቃል።