ወደ ቤት መቸኰል በደል ይሆናልን?

ወደ ቤቱ ለመድረስ የሚቸኩል ሰው ማንንም የሚበድል አይመስልም። እንዲያውም ችኰላው ከፍቅር የመነጨ ነውና ምስጋና የሚገባው ይመስላል። እኛም እንዲሁ እናስብ ነበር፤ ነገር ግን በሐምሌ ወር 2005 ዓ.ም. የደረሰብን ነገር ጥያቄውን እንደገና እንድንመረምረው አስገድዶናል።

ታላቅ ወንድማችን ጎንደር ላይ ማረፉን በማታ ሰማን፤ ቀብሩም በማግሥቱ በዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ፊደል ያስቈጠረን እርሱ ነውና ፍትሐቱን እኛ ራሳችን ልናደርስለት ተመኘን። በማለዳ ከአዲስ አበባ ሊነሣ የሚገባው አውሮፕላን በዝናሙ ምክንያት ዘግይቶ ተነሣ፤ አዘዞ በደረስን ጊዜም ደመናው ምድሩን ጋርዶት ነበር። አብራሪው ሁለት ጊዜ ዝቅ ብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ወጣ፤ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር መዞሩን አስታወቀ። ተሳፋሪው አጕረመረመ። አንዱ «የአገሩ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይወርድ ነበር» ሲል ብዙዎች ሳቁ፤ እኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ በልባችን ፈሪ አልነው። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ስንደርስ ሕዝቡ ከመቃብር ተመልሶ በድንኳኑ ደጃፍ እጁን ይታጠብ ነበር።

እንግዲህ የበደለን ማን ነው? ለአብራሪ ከእርሱ በታች ሊወርድ የማይገባው ከፍታ ተወስኖለታል፤ እዚያ ደርሶ ማኰብኰቢያውን ወይም መብራቱን ካላየ ተመልሶ መነሣት ግዴታው ነው። ሕጉ የተሠራው ለሰነፎች ብቻ አይደለም፤ ችኰላ ዐዋቂውንም ያታልላልና። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 በቴነሪፌ ደሴት ጭጋግ በወደቀበት ቀን፥ ሌሎች አብራሪዎችን ያሠለጥን የነበረው የሆላንድ አውሮፕላን አለቃ፥ የሥራ ሰዓቱ ገደብ እያስጨነቀው ሳለ፥ የመነሻ ፈቃድ ሳይቀበል ተንደረደረ። መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከማኰብኰቢያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ቢጠይቅም አለቃው አልቆመም። በግጭቱ 583 ሰዎች ሞቱ።

ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ሮም ሲወሰድ ጕዞው ጥፋት እንደሚያመጣ ተናግሮ ነበር። ብዙዎቹ ግን ወደቡ ለክረምት አይመችም ብለው እንዲነሡ መከሩ፤ መርከቡም ተሰበረ፤ በውስጡ የነበሩት 276 ነፍሳት የተረፉት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። የተነሡበትን ምክንያት ልብ ይሏል፤ ምቾት ነበረ እንጂ ክፋት አልነበረም።

«በእግዚአብሔር ታምኖ ቢወርድስ?» የሚል አይጠፋም። ሰው በገዛ ነፍሱ ይታመን፤ ነገር ግን ከኋላችን ሕፃን ያቀፈች እናት ተቀምጣ ነበር። የእርስዋን ልጅ ለእኛ ልቅሶ መያዣ እንድናደርግ ማን ፈቀደልን? ይህንማ እምነት ብለን ብንጠራው ሰይጣን ጌታችንን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ካለበት ቃል በምን ይለያል?

ናፍቆቱን አንነቅፍም፤ ዛሬም ወንድማችንን ሳንሸኝ መቅረታችን ያሳዝነናል። የሚያሳፍረን ግን ሌላ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከአውሮፕላኑ ስንወርድ አብራሪው በደጁ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ባየንም ጊዜ መስቀል ሊሳለም ጐንበስ አለ። መስቀሉ በእጃችን ነበረ። እኛ ግን ቸኵለን ነበርና አለፍነው።