በገና የብቸኛ ሰው መጽናኛ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምዕመናን! ዐቢይ ጾም ሲገባ በቤተክርስቲያናችን ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋሉ፤ የበገና ድምፅ ግን በየቤቱ ይሰማል። በተለይ ዘመድ በሌለበት ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ለብቻው ለሚኖር ሰው፣ ልጆቿ ርቀውባት ለቀረች እናት፣ በገና ትልቅ መጽናኛ ነው። ታዲያ አንድ ጥያቄ ይነሳል። በገናው ካጽናናኝ ሰው ምን ያደርግልኛል የሚል አሳብ ቢመጣብንስ?

በመጀመሪያ፣ መጽናናቱ እውነት ነው። ቅዱስ ዳዊት ሲደረድር ንጉሡ ሳኦል ያርፍ፣ ክፉው መንፈስም ይርቅለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 16፥23)። የበገናው አሠራርም ለዚህ ይስማማል። ከአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራ የምንላት፣ ድምፁን እየነዘረች ታወፍረዋለች። ይህ ድምፅ ለጭፈራ አያስነሳም፤ ቁጭ አድርጎ ያሳስባል። ደግሞም ሳይቃኙት አይደረደርም፤ ሲቃኙት የተበተነ ልብ አብሮ ይሰበሰባል።

ነገር ግን ልብ እንበል። ያው ሳኦል፣ ዳዊት በገና እየደረደረለት ሳለ ጦር ወርውሮበታል (1ኛ ሳሙ. 18፥10-11)። ለምን? ጆሮው ዜማውን ሰማ እንጂ ልቡ ቅናቱን አልተወም ነበርና። ነቢዩ አሞጽም እንደ ዳዊት የዜማ ዕቃ ይዘው እየዘመሩ ለወገናቸው ስብራት ግን ግድ የሌላቸውን ወቅሷል (አሞ. 6፥5-6)። ጥፋቱ የዜማው አልነበረም። የወንድማቸው ጩኸት እያለ እነርሱ በዜማው መደሰታቸው ነው።

ለብቻው የሚኖር ሰውም ይሄ ፈተና አለበት። ሰው ያስቀይማል፣ ይረሳል፣ ቃሉን ያጥፋል፤ በገና ግን አያስቀይምም እኮ! ስለዚህ በር ዘግቶ «እኔን በገናዬ ይበቃኛል» ማለት ይቀላል። የማይበድለንን ብቻ መውደድ ግን ምን ዋጋ አለው? በበረሃ ያለው መናኝ እንኳ ሰው ጠልቶ አይደለም የወጣው፤ ለብቻው ሆኖ ስለ ዓለም ሁሉ ይጸልያል።

አባቶቻችን የበገናን 10 አውታሮች በዐሠርቱ ትእዛዛት ይመስሏቸዋል። በቤተክርስቲያናችን አቆጣጠር ዐሥረኛው ትእዛዝ ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ ነው። እንግዲህ ዘጠኙን ቃኝቶ ዐሥረኛውን የተወ ሰው በገናው ተቃኝቷል ሊባል ነው?

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ በገናህን ደርድር፤ በገና ባይኖርሽም በስልክሽ አድምጪ፤ ተጽናኑ፣ አልቅሱ፣ ጸልዩ። ስትጨርሱ ግን ተነሱ። ጎረቤት የታመመ ካለ ጠይቁ፤ የተቀየማችሁትን ሰው ደውላችሁ ሰላም በሉት፤ በጾሙ ከምሳችሁ የተረፈውን ለተራበ ስጡ። መጽናናታችሁ ከእግዚአብሔር መሆኑ የሚታወቀው ሌላውን ማጽናናት ስትጀምሩ ነው።

የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱስ ዳዊት በረከት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።