ገመዱ የሚወጠረው ለማን ነው?

እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1957 በሰሜን ኢጣሊያ፣ ጉዪዲዞሎ በምትባል መንደር አጠገብ የአንዲት ፌራሪ ጎማ ፈንድቶ መኪናዋ ከመንገድ ወጣች። ሾፌሩ ስፔናዊው ባላባት አልፎንሶ ደ ፖርታጎና ረዳቱ ኤድመንድ ኔልሰን ሞቱ። በመንገዱ ዳር ከቆሙትም ዘጠኝ ሰዎች አለቁ፤ አምስቱ ልጆች ነበሩ። ውድድሩ ሚሌ ሚሊያ ይባላል። ከ1927 ጀምሮ ከብሬሺያ ተነስቶ ሮም ደርሶ የሚመለስ፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በመንደርና በከተማ መካከል በሕዝብ መንገድ የሚሮጥ ነበር። ከዚያ አደጋ በኋላ የፍጥነት ውድድር ሆኖ አልቀጠለም። የመኪናዋ ሠሪ ኤንዞ ፌራሪ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነፃ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

በተከታዩ ዓመት ሌላው የፌራሪ ሾፌር ሉዊጂ ሙሶ በፈረንሳይ ሬምስ ሲሞት፣ የቫቲካን ጋዜጣ ፌራሪን የገዛ ልጆቹን ከሚበላው የጥንት ሮማውያን አምላክ ጋር አመሳሰለው። ቁጣው ይገባል። ነገር ግን ሁለቱን ሞቶች አንድ ያደርጋል። ሙሶ መሪውን የጨበጠው ወድዶ ነው። የጉዪዲዞሎ ልጆች የቆሙት ግን በሰፈራቸው መንገድ ዳር ነበር።

ሰው በገዛ ሕይወቱ መወራረድ ይችላልን? በዚህ ላይ የክርስትና ትውፊት አንድ ድምፅ የለውም። ከ1,800 ዓመታት በፊት የካርቴጁ ተርቱሊያኖስ የሰረገላ እሽቅድምድምን ከጣዖት አምልኮና ከሕዝብ እብደት ጋር ቆጥሮ አማኞችን ከልክሏል። ሐዋርያው ጳውሎስ በበኩሉ በስታዲየም የሚሮጠውን ሯጭ ለእምነት ሕይወት ምሳሌ አድርጎ አቅርቦታል። ድፍረት፣ ብርቱ ልምምድ፣ ፍርሃትን መግዛት በራሳቸው ኃጢአት አይደሉም። ተራራ የሚወጣ፣ ፈረስ የሚጋልብ፣ በጥልቅ ውኃ የሚዋኝ ሁሉ ሕይወቱን በመጠኑ ለአደጋ ይሰጣል። የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ያልጠየቅነውን ሰው ሕይወት አብረን ማስያዝ እንችላለን ወይ?

የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ሁለት የሚነጻጸሩ ድንጋጌዎች አሉት። በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ይጠየቃል። በአንቀጽ 2068 ደግሞ በስፖርት ጨዋታ ተካፋይን ወይም ተመልካችን የጎዳ ሰው፣ ማታለል ወይም ከባድ የደንብ መጣስ ካልፈጸመ ኃላፊነት የለበትም። ሕጉ ተወዳዳሪንም ተመልካችንም አደጋውን አውቀው እንደገቡበት ይቆጥራቸዋል ማለት ነው። ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ለማየትም ለመወዳደርም ያልመጣ፣ መንገዱ መንገዱ ስለሆነ ብቻ እዚያ የተገኘ።

ይህ ሦስተኛ ሰው በቤሌ ብዙ ነው። ቤሌ በወላይታ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሶዶ ወደ ኦሞ ወንዝና ወደ ዳውሮ የሚወስደው መንገድ በእሷ በኩል ያልፋል። የራሊ ከተማ አይደለችም። ወላይታ ግን በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ መንገዱ የመኪና ብቻ ሊሆን አይችልም። ጄሪካን ያዘለች ሴት፣ ከብት የሚነዳ ልጅ፣ ተማሪ፣ ገበያተኛ፣ ባጃጅ፣ እሑድ ደግሞ ወደ ጸሎት የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚጋሩት አንድ መንገድ ነው። እዚህ መንገድ መዝጋት የሰውን ደጅ መዝጋት ነው።

ቃለ ሕይወትም ሆነ ኦርቶዶክስ ወይም ካቶሊክ የሆነ የወላይታ አማኝ በሚያነበው ኦሪት ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የቀረበ ሕግ አለ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ይታዘዛል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ሕጉ ጣራ ላይ መውጣትን አይከለክልም። ባለቤቱን ግን ለሌላው እግር አስቀድሞ እንዲያስብ ያስገድደዋል። በእሽቅድምድም መንገድ ላይ የሚወጠረው ገመድም የሚመዘነው በዚሁ ነው።

በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ያለችው የማን ደሴት የዚህን ገመድ ጥቅምም ወሰንም ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ1904 የደሴቲቱ ምክር ቤት መንገድ ለውድድር የሚዘጋበትን ሕግ አወጣ፤ ከ1907 ጀምሮም ቲ ቲ የተባለው የሞተር ብስክሌት ውድድር ይካሄዳል። 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የተራራው ዙር እስከ ዛሬ ከ260 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ሆኖም እነዚህ አውቀው የገቡበት ናቸው፤ ውድድሩ ሲያበቃ ገመዱ ይፈታና መንገዱ ለነዋሪው ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ ራሊ ግን ለአሠርት ዓመታት ክፍት በሆነ የሕዝብ መንገድ ላይ ሲሮጥ ኖረ። ታላላቅ ቡድኖች ከፊት ሄሊኮፕተር እያስበረሩ መንገድ ላይ ያለውን መኪናና እንስሳ ይቃኙ ነበር። ማስጠንቀቂያው በራዲዮ የሚደርሰው ግን ለሾፌሩ ነበር፤ እረኛው ራዲዮ አልነበረውም። ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 ሲመለስ፣ በናይቫሻ ዙሪያ በተዘጉ መስመሮች ላይ ሆነ። የታላቁ ውድድር ጣዕም ቀነሰ የሚሉ አሉ። እረኛው ከውርርዱ ስለወጣ ግን ለውጡ ትክክል ነበር።

መንገድ መዝጋት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የአዲስ አበባን ጎዳናዎች ለሯጮች ያስለቅቃል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ደግሞ መኪናን አስቁሞ አስፋልቱን ለእግረኛና ለልጆች ጨዋታ ሰጥቷል። አንድ ቀን ራሊ በሶዶና በቤሌ መንገድ ይለፍ ቢባል፣ ስለ ሽልማቱ ከመነጋገር በፊት የሚቀድም አለ፦ ነዋሪው ተጠይቋል ወይ? ምጥ የያዛት እናት በየት ታልፋለች? የቀን ገቢው የሚቀርበትስ ምን ይካሳል?

ይህን ሚዛን ለውድድር ብቻ ማስቀረት ግን አይቻልም። ኩርባ ላይ ደርቦ የሚያልፍ ሚኒባስ፣ ቀድሞ ለመጫን የሚከንፍ አይሱዙ ያለ ገመድና ያለ ዳኛ ይሽቀዳደማሉ፤ የአገራችን መንገዶችም በየዓመቱ ሺዎችን ይቀጥፋሉ። የማን ደሴቱ ተወዳዳሪ በዚህ ሚዛን ከእነሱ ይሻላል።

ጥፋቱን ሁሉ በሾፌሩ ላይ መጫን ደግሞ ፍርድ ማጓደል ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ ሲደነግግ፣ በሬው እንደሚወጋ ተነግሮት ያላሰረውን ባለቤት ከበሬው ጋር በደም ይጠይቀዋል። ዛሬ በእያንዳንዱ ምልልስ የተቆረጠ ገቢ የሚጠብቅ፣ ሾፌሩ እንደሚከንፍ ከተሳፋሪ ደጋግሞ የሰማ፣ ሰምቶም ሒሳቡን ብቻ የሚቀበል ባለንብረት አለ። የሦስተኛ ወገን መድን መክፈሉ ካሳውን ሊሸፍንለት ይችላል፤ ከተነገረው በኋላ ዝም ማለቱን ግን አይሸፍንለትም። የወላይታ ሰባክያን፣ ቀሳውስትና ሽማግሌዎች ስለ ስካርና ስለ ስርቆት በሚናገሩበት አንደበት ይህን ባለንብረት በስሙ ጠርተው፣ የምልልሱን ቁጥር ቀንሶ ሾፌሩን እንዲያሳርፍ ሊያዝዙት ይገባል።