ወፍ ጠባቂው

በቆቦ ቆላ አንድ ገበሬ ነበረ። ማሽላው ዛላ አውጥቶ ፍሬው ወተት ሲይዝ፣ እንደ አባቶቹ ማሳው መሀል ማማ ሠራ። አራት ባላ ተከለ፣ እንጨት ረበረበ፣ ጭድ ጎዘጎዘ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጁን ጠርቶ ወንጭፍ ሰጠው፤ ድንጋይም በእንቅብ ሞልቶ አኖረለት።

«ወፍ የሚበረታው ሁለት ጊዜ ነው» አለው፤ «ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ። ዓይንህን ከማሳው እንዳትነቅል።»

«እሺ አባባ።»

ልጁ ሰነፍ አልነበረም። አምናም ካቻምናም የጠበቀው እሱ ነው። ግሪሳው ገና ከሩቅ እንደ ጉም ሲነሳ ያየዋል፤ የወንጭፉ ፉጨት ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ዘንድሮ ግን ጅዳ ያለችው እህቱ ስልክ ላከችለት። እቤት ኔትወርክ የለም። ማማው ላይ ግን ከፍታ ስለሆነ እንደ ልብ ይይዛል።

በመጀመሪያው ቀን ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። አውጥቶ አየው። እህቱ ናት፤ «እንደምን አደርክ» ብላለች። መለሰላትና ቀና አለ። ጥቂት ወፎች ከማሳው ዳር ብድግ አሉ። ወነጨፈ፤ ሄዱ። ምን ጠፋ? ምንም አልጠፋም።

በማግስቱም ነዘረ። ቪዲዮ ነው። አየው። እሱ ሲያልቅ ሌላ መጣ፤ ያም ሲያልቅ ሌላ። ቀና ሲል ወፍ ብድግ አለ። ወነጨፈ።

በሦስተኛው ቀን አልነዘረም። ልጁ ግን አወጣው። ለምን እንዳልነዘረ ሊያይ።

እንዲህ እያለ ሰነበተ። ወንጭፉ ጨርሶ ዝም አላለም፤ አባትየው ከታች ጤፉን ሲያርም ፉጨቱን እየሰማ «ልጄ ሥራ ላይ ነው» ይላል። ማሽላውም ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ አገዳው ቆሟል፣ ዛላው ቀጥ ብሏል። ወፍ አገዳ አትጥልም፣ ዛላ አትሰብርም። ፍሬዋን ለቅማ ትሄዳለች። አንዲት ግሪሳ በቀን የምትበላው 10 ግራም ገደማ ነው፤ እፍኝ አይሞላም።

አጨዳ ደረሰ። አባት ማጭዱን ይዞ ገባና እንደ ልማዱ መጀመሪያ አንድ ዛላ ቀነጠሰ። በሁለት መዳፉ መሀል አሸው፤ ቀስ አድርጎ፣ ፍሬው እንዳይፈስ ተጠንቅቆ። መዳፉን ከፈተ። እፍ አለ። ገለባው በነነ። ሁለት ፍሬ ቀረ። ሌላ ቀነጠሰ፤ አሸ፤ እፍ አለ። አንድ ፍሬ። ሦስተኛውን አሸ፤ እፍ አለ። በላብና በማረሻ እርፍ የጠነከረው መዳፍ ባዶውን ቀረ። አባት መዳፉን አየው። ረጅም ጊዜ አየው።

አልተቆጣም። ልጁን ጠርቶ ጠየቀው እንጂ።

«ልጄ፣ እዚያ ላይ ሆነህ ምን ታይ ነበር?»

ልጁ ሊነግረው አፉን ከፈተ። የሚጨፍር ሰው ነበረ። መኪናም ነበረ። ሰዎች ይስቁ ነበር፤ በምን እንደሚስቁ ግን... አንዱን እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያወራለት ሞከረ። ፈለገው፣ ፈለገው።

«አላስታውስም፣ አባባ» አለ።

ታሪኩ ይኸው ነው። እኔ ግን ከዚያ ማማ መውረድ አቅቶኛል።

ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። ርግብ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ አንዲት ቁልፍ ስትነቁር እህል እንዲወርድላት ያደርጋል። ታዲያ እህሉ የትኛው ንቁሪያ ላይ እንደሚወርድ ሳታውቅ፣ አንዴ ቶሎ አንዴ ዘግይቶ ሲመጣላት፣ ርግቧ ያለ ዕረፍት ትነቁራለች። ይህን እሱና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1957 በመጽሐፍ አውጥተውታል። አውራ ጣታችን የስልኩን መስታወት ሽቅብ ሲገፋ፣ አንዴ ደስ የሚል ነገር ሲያገኝ ሌላ ጊዜ ምንም ሲያጣ፣ ያችን ርግብ አስባታለሁ። ለካ ወፉ ዛላው ላይ ብቻ አልነበረም።

«እኔ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ እደፋዋለሁ» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ ፈትኖታል። በኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተካፈሉበት ነው። የሁሉም ተፈታኝ ስልክ ድምፁ ጠፍቷል። ገሚሱ ጠረጴዛው ላይ ደፍቶታል፣ ገሚሱ ኪሱ ወይም ቦርሳው ውስጥ ከቶታል፣ ገሚሱ ሌላ ክፍል ትቶታል። ስልኩን ሌላ ክፍል የተዉት፣ ጠረጴዛቸው ላይ ከደፉት ይልቅ በአእምሮ ፈተናው የተሻለ ውጤት አመጡ። ያ የተደፋው ስልክ አንዴም አልነዘረም።

ዛሬ ማታ መሶቡ ሲቀርብ ስልክዎን ሌላ ክፍል አኑረው ይምጡ። ልጅዎ የዋለበትን ሲነግርዎትም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይስሙት።