«ካረጁ አይበጁ» እውነት ነውን?

ቤቴ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አለኝ። እንጀራዬን የምጋግረው በእሱ ነው። ሲነሣ እንደ አዛውንት ያቃስታል፤ ከተነሣ በኋላ ግን ይጽፋል፣ ያነባል፣ ደብዳቤ ይልካል። አዲስ ልግዛ ብል የብዙ ወር የቤት ኪራይ ይወስድብኛል። ስለዚህ «የራሴ ንብረት ነው፤ ማንን ይጎዳል?» እያልሁ እኖር ነበር።

የሞባይል ዳታ እየበላ ስላስቸገረኝም፣ በኢንተርኔት የሚላኩለትን ማሻሻያዎች ሁሉ ዘጋሁ። ማሻሻያ ማለት ሌባ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር የፕሮግራሙ ሠሪዎች የሚልኩት መድፈኛ መሆኑን አጥቼው አልነበረም። ስስት ነው።

አንድ ቀን የጎረቤቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን እንዳርምላት በፍላሽ አመጣችልኝ። አርሜ መለስሁላት። በማግሥቱ ዓይኗ በርበሬ መስሎ መጣች። ከእኔ ኮምፒዩተር የተሻገረው ቫይረስ የሦስት ወር ድካሟን አጥፍቶባታል። «ምንም አይደል ጋሼ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለመሆኑ ጥፋተኛው ማነው? የማሽኑ እርጅና ነውን?

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለ ቫይረስ በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሆስፒታሎች ሥራ ተስተጓጎለ፤ ከ19,000 በላይ የሕሙማን ቀጠሮዎች ሳይሰረዙ እንዳልቀሩ ተገምቷል። ብዙ ሰው በጊዜው ጣቱን የቀሰረው መደበኛ ጥገናው ከሦስት ዓመት በፊት በተቋረጠው በአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ነበር። ኋላ ሲጣራ ግን ከተጠቁት አብዛኞቹ ጥገና የሚላክለትን ዊንዶውስ 7 የሚጠቀሙ ሆነው ተገኙ። መድፈኛው ከተላከ ሁለት ወር ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። የጫነው ጠፋ እንጂ!

እንግዲህ እርጅናና ቸልተኝነት ለየቅል ናቸው። እኛ ግን የሁለተኛውን ኃጢአት በመጀመሪያው ላይ እናላክካለን።

ይሁንና «አዲስ ግዛ» ማለትም ፍርድ አይሆንም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍልና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ብዙ ጤነኛ ማሽኖች አይቀበሉትም። ሠሪው ለዘላለም ይጠግን ማለት አይቻልም፤ አቅም የሌለው ሰው ከዓለም ይቆረጥ ማለትም አይገባም። ታዲያ ለድሃው ምን ቀረለት?

ቀርቶለታል። እኔ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን በነጻ የሚታደል ሥርዓት ጫንሁ። መጀመሪያ ፋይሎቼን ሌላ ቦታ ገለበጥሁ፤ ከዚያም ሥርዓቱን ከፍላሽ ላይ አስነሥቼ መስማማቱን አየሁ። የለመድኋቸው አንዳንድ ፕሮግራሞች አይሠሩበትም፤ የአማርኛ አጻጻፉን እስክለምድም ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ግን ማሻሻያ ይላክለታል፤ እኔም አልዘጋውም። ይህም የማይሆንለት ማሽን ካለ ከኢንተርኔት ተነጥሎ የጽሕፈት መኪና ይሁን። ፍላሽ ግን አይዋሰው፤ እኔ የተማርሁት በሰው ዕንባ ነውና።

በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮች የውጭውን በር ይጋራሉ። ሳይዘጋ ያደረ ሰው «የእኔ ክፍል ባዶ ነው፤ ምን ይሰረቅብኛል?» ሊል አይችልም፤ ሌባው የሚያልፈው ወደ ጎረቤቱ ነው። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ድህነት በሩን ለመቀየር አቅም ሊነሳን ይችላል፤ ለመዝጋት ግን አይከለክለንም።

ልጅቷ ጽሑፏን እንደገና ጽፋ ተመረቀች። የእኔም ኮምፒዩተር ዛሬም እያቃሰተ ይነሣል። «ካረጁ አይበጁ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ግን አንድ ነገር አስባለሁ፤ አሮጌ የማይበጀው ጧሪ ሲያጣ አይደለምን?