ለተገፋች እኅት የሚገባ መጽናናት

ልጆቼ ሆይ፤ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለችው በነገሌ ቦረና፥ እንዲሁም በያቤሎ፥ በሜጋና በሞያሌ የምትኖሩ ወጣቶች ሁሉ፥ ይህን ምክር ልጽፍላችሁ የወደድሁት ነገሩ በየቤቱ እየታወቀ በአደባባይ የማይነገር ኀዘን ስለ ሆነ ነው። ድርቅ በጸና ጊዜ ውኃ ፍለጋ ወደ ሩቅ የውኃ ጕድጓድ (ኤላ) የምትወርደው ልጅ፥ እንጨት ለመልቀም ጫካ የምትገባው፥ ከደጋ አገር መጥታ በመኪናው መንገድ ዳር በሆቴል ወይም በሰው ቤት የምታገለግለው ዘመድ አልባ፥ በኀይል የተደፈረች እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ የሚደርሳት ምክር «ዝም በዪ፤ ስምሽ እንዳይጠፋ» የሚል ነው። ይህ ቃል መጽናናትን ይመስላል እንጂ መጽናናት አይደለም።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ነገር አልሸሸገውም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በ13ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ የንጉሥ ዳዊት ልጅ ትዕማር ታመምሁ ብሎ ለተኛው ለአባቷ ልጅ ለአምኖን ምግብ ልታቀርብ በገባችበት ቤት፥ እየለመነችና እየመከረችው፥ በእርሱ በራሱ ተደፈረች፤ ወደ ውጭ በተጣለችም ጊዜ ልብሷን ቀድዳ፥ በራሷ ላይ ዐመድ ነስንሳ፥ እየጮኸች ሄደች እንጂ ዝም አላለችም። ዝም ያሰኛት ወንድሟ አቤሴሎም ነው፤ የደፈራት ወንድሟ ስለ ሆነ ነገሩን በልቧ እንዳታኖረው መከራት። ንጉሡ አባቷ ደግሞ እጅግ ተቈጣ፥ ነገር ግን አልፈረደም። ፍርድ የሌለው ቍጣና ጆሮ የሌለው መጠጊያ የወለዱትን ተመልከቱ፤ ትዕማር በወንድሟ ቤት ብቻዋን ፈዝዛ ተቀመጠች፥ ከሁለት ዓመት በኋላም አቤሴሎም አምኖንን በግብዣ መካከል አስገደለው። የታፈነው ነገር አልጠፋም፤ ደም ሆኖ ተመለሰ እንጂ።

እንግዲህ ይህ ክፉ ነገር የደረሰብሽ ልጄ ሆይ፥ አስቀድመሽ ይህን ዕወቂ፤ ኀጢአት ያለ ፈቃድ አይቈጠርም፥ አንቺም አልፈቀድሽም። ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ በሜዳ በኀይል የተያዘችውን ልጅ ነገር ሲመረምር፥ በእርሷ ላይ አንዳች ቅጣት እንዳይደርስ አዝዞ፥ የተደረገባትን ግፍ በባልንጀራ ላይ ተነሥቶ ነፍስ ከማጥፋት ጋር ያስተካክለዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ410 ዓመት ሮም በተዘረፈች ጊዜም ብዙ ክርስቲያናት ተደፍረው ስለ ነበር፥ የሒፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ ንጽሕና የነፍስ ሀብት እንደ ሆነችና ነፍስ እሺ ካላለች የሌላው ግፍ ሊያረክሳት እንደማይችል አስተምሯል። ስለዚህ ንስሐ የሚገባው ለበደለው ነው፤ ወደ ነፍስ አባትሽ ብትሄጂ ለመጽናናት እንጂ ቀኖና ለመቀበል አይደለም። ጥፋቱን በአለባበስሽና በአካሄድሽ የሚፈልግ ካህን ወይም ሰባኪ ቢያጋጥምሽ፥ ይህ የእርሱ አላዋቂነት መሆኑን ተረድተሽ ሌላ አስተዋይ አባት ፈልጊ።

ጸሎት እምቢ ቢልሽ አትደንግጪ። ከ150ው መዝሙረ ዳዊት ብዙዎቹ ልቅሶና አቤቱታ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም እነርሱን በየዕለቱ ስትደግም፥ በእግዚአብሔር ፊት ማልቀስና «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ክሕደት አለመሆኑን ትመሰክራለች። ይቅርታንም ማንም አያጣድፍሽ፤ ይቅርታ ከቈሰለ ልብ ውስጥ በጊዜው የሚበቅል ጸጋ ነው እንጂ ዘመድ ለራሱ ሰላም ሲል የሚያስፈርምሽ ውል አይደለም፥ ደግሞም ዳኛ ፊት ከመቆም አይከለክልሽም።

ነፍስና ሥጋ በአንድነት ቈስለዋልና በአንድነት ይታከሙ። ወደ ጠበል መሄድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይቅደም፥ የኤች አይ ቪን መተላለፍ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና፤ ያልታሰበ እርግዝናን የሚከላከለውም እስከ አምስት ቀን ቢሰጥም በቶሎ ሲወሰድ ይሻላል። ከተቻለ ገላን ሳይታጠቡ፥ ልብስንም ሳያጥቡ መሄድ ለማስረጃ ይጠቅማል፤ ታጥበሽም ብትሆኚ ግን ከመሄድ አትቅሪ። ይህ ሁሉ በወንድ ልጅ ላይ ግፍ በደረሰ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ የወንዱ ዝምታ ብዙ ጊዜ የበለጠ የጠለቀ ነውና።

አሁን ቃሌ ነገ ሽማግሌዎች ለምትሆኑት ለእናንተ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ቢያገባ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ትቶለት ነበር፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን ያን በር ዘግቶ፥ አስገድዶ የደፈረ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ፥ የተደፈረችው ልጅ ለአካለ መጠን ያልደረሰች እንደ ሆነም ቅጣቱ እንዲከብድ ደንግጓል። ይህም ሆኖ በከብት ካሣ ወይም በጋብቻ ነገሩን ለመሸፈን የሚቀመጥ ሽምግልና ዛሬም አልጠፋም። የጉጂ ኦሮሞ እናቶች አንዲት ሴት በተገፋች ጊዜ ሲንቄ የሚሉትን በትራቸውን ይዘው በአንድነት ወጥተው የሚጮኹላትን ልማድ ተመልከቱ፤ እነርሱ ለተገፋችው ድምፅ ሲሆኑላት፥ እኛ ክርስቲያኖች አፏን የምንይዝ ብንሆን ኀፍረቱ የእኛ ነው።

ስለዚህ ለሽምግልና በተጠራችሁ ጊዜ ስንት ከብት እንደሚከፈል ከመነጋገር በፊት ልጂቱ ወደ ሐኪም መሄዷን፥ ማደሪያዋ የታመነ መሆኑን፥ እርሷ ራሷ ምን እንደምትፈልግ ጠይቁ፤ ወንጀሉን ለሕግ ትታችሁ፥ እናንተ ከእርሷ ጋር ፍርድ ቤት ደጃፍ ቁሙ። የእናንተ መጽናናት ከአቤሴሎም መጽናናት የሚለየው በዚህ ነው።